ጆ ሚክ

ጆ ሚክ (የትውልድ ስሙ ሮበርት ጆርጅ ሚክ፤ ከመጋቢት 27 ቀን 1921 ዓ.ም. እስከ ጥር 26 ቀን 1959 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኤፕሪል 5 ቀን 1929 እስከ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967) እንግሊዛዊ የድምፅ መሐንዲስ፣ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰርና የዜማ ደራሲ ነበር። በሰሜን ለንደን በተከራየው መኖሪያ ቤት ውስጥ በሠራው ስቱዲዮ በርካታ ታዋቂ ሸክላዎችን ቀርጿል። ከእነዚህ ሁሉ የሚታወቀው ዘ ቶርናዶስ የተባለው ባንድ በ1962 የተጫወተው «ቴልስታር» ነው። ይህ ሙዚቃ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የብሪታንያ ባንድ ሥራ ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚክ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትም ሆነ ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። የእሱ መሣሪያ የቴፕ መቅረጫ ማሽኑ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በኮምፒውተር የድምፅ ሶፍትዌሮች ውስጥ «ሪከርድ» እና «ባውንስ» ተብለው በሁለት የተለያዩ ትእዛዞች የሚገኙትን ሥራዎች ሚክ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍልና በሁለት እጁ ይሠራቸው ነበር። የሥራዎቹ ልዩ ድምፅ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ልጅነትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ሚክ የተወለደው በምዕራብ እንግሊዝ በግሎስተርሺር አውራጃ ኒውንት በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በወላጆቹ ግቢ በነበረች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሬዲዮ፣ ማጉያና የተለያዩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን እየፈታ ይገጣጥም ነበር። ብሔራዊ የውትድርና ግዴታውን በብሪታንያ አየር ኃይል በራዳር ቴክኒሺያንነት ፈጸመ። ከዚያም በአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የሸክላ መቁረጫ ማሽን ሠርቶ የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ለንደን ሄዶ አይ.ቢ.ሲ. በተባለው ስቱዲዮ የድምፅ መሐንዲስ ሆነ። በዚያን ጊዜ የስቱዲዮ መሐንዲስ ሥራው በክፍሉ ውስጥ የተሰማውን ድምፅ ሳይነካካ በታማኝነት ወደ ቴፕ ማስተላለፍ እንደሆነ ይታመን ነበር። ሚክ ይህን አልተቀበለም። በ1956 የጃዝ ተጫዋቹን የሃምፍሪ ሊትልተንን «ባድ ፔኒ ብሉዝ» ሲቀርጽ የፒያኖውን ዝቅተኛ ድምፆች በኮምፕረሰር አጥብቆ ወደ ፊት አመጣቸው። ሊትልተን በውጤቱ ደስተኛ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን ሸክላውን ገዛው፤ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥም እስከ ሃያዎቹ ውስጥ ገባ። አንድ የጃዝ ሥራ እዚያ መግባቱ ብርቅ ነበር።

ሚክ ከዚያ ወደ ላንስዳውን ስቱዲዮ ተዛወረ። ጎበዝ ቢሆንም አብሮት ለመሥራት አስቸጋሪ ሰው ነበር። ሌሎች ምስጢሬን ይሰርቁኛል ብሎ ይጠረጥራል፤ በቀላሉም ይቆጣል። በ1959 መጨረሻ ላንስዳውንን ለቀቀ። በ1960 ትራያምፍ የተባለ የራሱን አነስተኛ የሸክላ ድርጅት ከአንድ ሸሪክ ጋር አቋቋመ። ድርጅቱ ያወጣው የማይክል ኮክስ «አንጄላ ጆንስ» ከአሥሩ ምርጦች ተርታ ገባ፤ ሆኖም ትንሹ ድርጅት የገበያውን ፍላጎት የሚያሟላ ያህል ሸክላ ማሳተም አልቻለም። ሚክ ከዚህ የተማረው ነገር ለቀሪ ሕይወቱ ወሳኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሸክላ ማሳተምና ማከፋፈሉን ለትላልቆቹ ኩባንያዎች ትቶ፣ ቀረጻውን ራሱ ሠርቶ የተጠናቀቀውን ቴፕ ብቻ ያከራያቸው ጀመር። በወቅቱ በእንግሊዝ ስቱዲዮውም፣ መሐንዲሱም፣ ፕሮዲዩሰሩም፣ ዘፋኙም የአንድ ትልቅ ኩባንያ ንብረት ወይም ቅጥረኛ መሆናቸው የተለመደ ስለነበር ይህ አካሄድ አዲስ ነበር።

በዚያው በ1960 «አይ ሂር ኤ ኒው ዎርልድ» የተባለ፣ በጨረቃ ላይ ሕይወት ቢኖር ምን ድምፅ ይኖረው ነበር ብሎ ያሰበበትን የስቴሪዮ ሥራ አዘጋጀ። ከእሱ ጥቂቱ ብቻ በትንሽ ቅጂ ታትሞ ወጣ። ሙሉ አልበሙ ለገበያ የቀረበው ሚክ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 ነው።

ሆሎዌይ ጎዳና ቁጥር 304

ሜጀር ዊልፍሬድ ባንክስ የተባሉ የአሻንጉሊት አስመጪ ነጋዴ ገንዘብ አውጥተውለት ሚክ አር.ጂ.ኤም. ሳውንድ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ስቱዲዮውንም በሆሎዌይ ጎዳና ቁጥር 304፣ ከአንድ የቆዳ ውጤቶች መሸጫ ሱቅ በላይ በሚገኘው ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ውስጥ አደራጀ። ጎዳናው መኪና የሚበዛበት ነበር፤ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ቀረጻውን ማቆም የተለመደ ነበር። ባንዱ በአንዱ ክፍል፣ ማሽኖቹ በሌላው ክፍል፣ ዘፋኙ አንዳንዴ ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንዳንዴ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይቆም ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ሸክላ የተለጠፈበት ስለሆነ ድምፅን ያስተጋባል፤ ሚክ ለዘፋኞቹ የሚፈልገውን የገደል ማሚቶ በዚያ ያገኝ ነበር። ከታች ያለችው አከራይ ጩኸቱ ሲበዛባት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ትመታ ነበር፤ ሚክም በምላሹ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረጃው አዙሮ ከፍ ያደርገው ነበር ይባላል።

በ1961 ጆን ሌይተን የዘፈነው «ጆኒ ሪሜምበር ሚ» ከዚህ ቤት ወጥቶ በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። ዘፈኑን የደረሰው ጄፍ ጎዳርድ ከሚክ ጋር ለዓመታት የሠራ ሙዚቀኛ ነው።

የቀረጻ ዘዴው

የሚክን ሥራ ለመረዳት መሣሪያዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። ዋናው ማሽን ሊሬክ የተባለ ባለ ሁለት ትራክ የቴፕ መቅረጫ ሲሆን፣ ከእሱ ጎን አንድ ትራክ ብቻ ያለው የኢ.ኤም.አይ. ማሽን ነበረው። ባለ ሁለት ትራክ ማለት በአንድ ቴፕ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ድምፆችን ለየብቻ መቅዳት ይቻላል ማለት ነው። ሦስተኛ ቦታ የለም። በአንጻሩ በዛሬው ዘመን አንድ ተማሪ በተራ ላፕቶፕ ላይ ከመቶ በላይ ትራክ ከፍቶ ሊሠራ ይችላል።

ሚክ በመጀመሪያው ትራክ ላይ ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሮቹን አንድ ላይ ይቀርጻል። በሁለተኛው ላይ ድምፃዊውን ያስገባል። አሁን ቴፑ ሞላ፤ ኮረሱ፣ ቫዮሊኖቹና ልዩ ልዩ ድምፆቹ ግን ገና ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ትራኮች እያጫወተ ወደ ሌላው ማሽን በአንድነት ይገለብጣቸዋል፤ የድምፅ ባለሙያዎች ባውንስ የሚሉት ይህን ነው። ሚክ ግን ዝም ብሎ አይገለብጥም። ግልበጣው እየሄደ ሳለ ተጫዋቾች በሌላው ክፍል ሆነው አዲስ ድምፅ ይጨምራሉ፤ እሱ ደግሞ የገደል ማሚቶውን መጠን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ኮምፕረሰሩንም ያስተካክላል። የተቀላቀለው ድምፅ ተመልሶ ወደ ሊሬኩ አንድ ትራክ ሲገባ ሌላው ትራክ ነፃ ይሆናል፤ ሥራውም እንደገና ይቀጥላል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብን ከእሱ በፊት ታዋቂ አድርጎት ነበር፤ ሚክ ዘዴውን ወስዶ ለፖፕ ሙዚቃ ፋብሪካ አደረገው።

ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው ዋጋ ጥራት ነው። ማንኛውም የማግኔት ቴፕ የራሱ የሽሽታ ድምፅ አለው። ጥራታቸው እኩል በሆኑ ማሽኖች አንድ ጊዜ ሲገለበጥ የአሮጌው ቴፕ ሽሽታ ከአዲሱ ጋር ይደመራል፤ የጫጫታው ኃይልም በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ወደ 3 ዲሲቤል ነው። በየግልበጣው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደበዝዛሉ። ሚክ ለዚህ የሰጠው መልስ ድምፁን ማሽኑ ከሚፈቅደው ወሰን በላይ ገፍቶ መቅዳት ነበር። መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ ሌላው መሐንዲስ ይደነግጣል፤ ሚክ ግን ይቀጥላል። ከዚህ የተነሣ ሸክላዎቹ የታመቀ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከሬዲዮው ዘሎ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ አላቸው።

ሁለተኛው ዋጋ ከዚህ ይከብዳል። ከበሮና ድምፃዊ አንድ ላይ ከተገለበጡ በኋላ መለየት አይቻልም። በአራተኛው ግልበጣ ላይ የከበሮው ድምፅ መብዛቱ ቢታወቅ ከበሮውን ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ የለም። ያለው ምርጫ ወደ ቀድሞው ቴፕ ተመልሶ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ሁሉ እንደገና መሥራት ወይም ስሕተቱን ይዞ መቀጠል ነው። ስለዚህ ሚክ ገና ያልተቀረጸው ቫዮሊን ሲጨመር ከበሮው ምን ያህል እንደሚሸፈን አስቀድሞ በጭንቅላቱ መስማት ነበረበት። ኖታ የማያነብ ሰው ይህን ማድረጉ ነው የሚያስደንቀው።

በዛሬው ሶፍትዌር ያለው ልዩነት

በድምፅ ሶፍትዌር መቅረጽና ባውንስ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መቅረጽ ማለት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ፣ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ ከአንድ ትራክ ወደ ሌላ የሚላከውን ድምፅ፣ ጊዜው እየሄደ ሳለ መጻፍ ነው፤ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ባውንስ ግን ስሌት ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ያሉትን ትራኮች፣ የድምፅ መጠናቸውንና የተጨመሩባቸውን ኢፌክቶች ቁጥር በቁጥር ደምሮ አዲስ ፋይል ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ፈጣን ከሆነ በሰኮንዶች ይጨርሳል። ሁሉም ፕሮግራሞች ግን ይህን ከመጀመሪያው አልቻሉም። በስቱዲዮዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ፕሮ ቱልስ እስከ 2013 ድረስ፣ ማለትም እስከ 11ኛው እትሙ፣ ባውንስ የሚያደርገው ሙዚቃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያጫወተ ነበር።

ዲጂታል ፋይል ሲገለበጥ ሽሽታ አይጨምርም፤ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ ነው። ነገር ግን እንደ ኤም.ፒ.3 ባለ መረጃ በሚቀንስ ዓይነት ደጋግሞ ባውንስ የሚያደርግ ሰው የሚክን የጥራት ችግር በሌላ መንገድ መልሶ ያመጣዋል። አሁንም ሁለቱ መንገዶች አንድ ዓይነት ውጤት የማይሰጡበት ሁኔታ አለ። አንዳንድ ኢፌክቶች በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ነገር ስላላቸው ባውንስ በተደረጉ ቁጥር ትንሽ የተለየ ድምፅ ያወጣሉ፤ አንድ ሰው ቁልፉን በእጁ እያዞረ የሠራውን ለውጥ ደግሞ ፕሮግራሙ ካልመዘገበው ባውንሱ አያውቀውም። እንዲህ ያለውን ለማስቀረት በጊዜው መቅረጽ ያስፈልጋል። የሚክ ሥራ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው፤ የእጁ እንቅስቃሴ ራሱ በቴፑ ላይ የተቀረጸ ሙዚቃ ነበር።

ቴልስታር

ጁላይ 10 ቀን 1962 ቴልስታር የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት ወደ ሕዋ ተላከች፤ በዚያው ወር አትላንቲክ ውቅያኖስን ያቋረጠ ቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ተላለፈባት። ከልጅነቱ ጀምሮ በሕዋ ነገር የሚመሰጠው ሚክ በዚህ ተነክቶ ዜማ ደረሰ። የደረሰበት መንገድ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነበር። ሌላ ሙዚቃ ከጀርባ እያጫወተ ዜማውን በራሱ፣ ቃና በሚስት ድምፅ፣ ወደ ቴፕ አንጎራጎረ። ይህ ቴፕ አሁንም አለ፤ ከዚያ ጉርጉርታ ያን ዜማ ለቅመው ያወጡትን ሙዚቀኞች ማድነቅ ይገባል።

ዘ ቶርናዶስ በወቅቱ ዘፋኙን ቢሊ ፉሪን የሚያጅብ ባንድ ስለነበር ለቀረጻው ያገኙት ጊዜ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። የድርሻቸውን ተጫውተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ጎዳርድ ክላቪዮሊን በተባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ ዋናውን ዜማ በላዩ ላይ ጨመረ፤ ሚክም የሮኬት መነሣት የሚመስለውን መግቢያና መዝጊያ አከለበት። ማለትም ይህ በዓለም የተሰማ የባንድ ሙዚቃ ባንዱ በሌለበት ነው የተጠናቀቀው።

ሸክላው በኦገስት 1962 ወጣ። በብሪታንያ ለአምስት ሳምንታት፣ በአሜሪካ ደግሞ ለሦስት ሳምንታት አንደኛ ሆነ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ የአይቨር ኖቬሎ ሽልማትንም አገኘ። ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ግን ለዜማው ደራሲ የሚገባው ክፍያ ለሚክ አልደረሰውም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዣን ለድሩ ዜማው «ኦስተርሊትዝ» ለተባለው የ1960 ፊልም ከሠራሁት የተወሰደ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን ገንዘቡ ታገደ። ፍርድ ቤቱ ለሚክ የፈረደው ሚክ ከሞተ በኋላ ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በ1964 ዘ ሃኒኮምስ የተጫወቱት «ሃቭ አይ ዘ ራይት» በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። ለከበሮው ማጠናከሪያ የባንዱ አባላት በእንጨት ደረጃው ላይ እግራቸውን እየመቱ ተቀረጹ፤ ማይክሮፎኖቹ በደረጃው መደገፊያ ላይ የታሰሩት ብስክሌት ነጂዎች የሱሪያቸውን ጫፍ በሚይዙበት ቆንጣጭ ነበር። ይህ የሚክ የመጨረሻው አንደኛ ሆነ።

በዚህ መካከል ዘመኑ ተለወጠ። ቢትልስ በ1963 መጨረሻ በአራት ትራክ መቅረጽ ጀምረው ነበር፤ ራሳቸው ዘፈን የሚደርሱ ባንዶችም ገበያውን ያዙት። ሁሉንም ነገር ፕሮዲዩሰሩ የሚወስንበት የሚክ አሠራር ተፈላጊነቱ ቀነሰ። ከዚህም ሌላ በእንግሊዝ ሕግ በዚያን ጊዜ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንዶች መካከል ወንጀል ነበር። ሚክ በ1963 ከዚሁ ጋር በተያያዘ ክስ ተፈርዶበት የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት፤ ዜናውም በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈራሩትና ገንዘብ የሚጠይቁት ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። ዕዳው በዛ፤ የሚያነቃቁ ክኒኖችን አብዝቶ ይወስድ ነበር፤ የአእምሮ ጤንነቱም ታወከ። ትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች ድምፄን ለመስረቅ ከግድግዳው ወረቀት ጀርባ ማይክሮፎን ደብቀዋል ብሎ እስከ ማመን ደረሰ።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967 በሆሎዌይ ጎዳና ቤቱ ውስጥ አከራዩን በጥይት ገደላት፤ ወዲያውም የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 37 ነበር። ቀኑ ሚክ አብዝቶ ያደንቀው የነበረው አሜሪካዊው ዘፋኝ በዲ ሆሊ የሞተበት ስምንተኛ ዓመት ነበር። ሚክ የተቀበረው በትውልድ ከተማው በኒውንት ነው። ስለ ሚክ በሚነገሩ ታሪኮች ውስጥ የተገደለችው ሴት ብዙ ጊዜ እንደ ማስታወሻ ብቻ ትጠቀሳለች፤ በዚያ ቀን ግን የጠፋው ሕይወት ሁለት ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ሚክ በመሐንዲሶች ዘንድ ያለው ስም ከሞተ በኋላ እየጨመረ ሄደ። ለሚክ በአጃቢ ድምፃዊነት ሠርቶ የነበረው ቴድ ፍሌቸር በ1990ዎቹ ጆሚክ በሚል ስም አረንጓዴ ቀለም ያላቸው ኮምፕረሰሮችን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ከእነዚህ አንዱ በሶፍትዌር መልክ ተሠርቶ በፕሮ ቱልስ ውስጥ የሚያገለግል ሆኗል። የሕይወት ታሪኩ «ቴልስታር» በሚል ርዕስ በ2008 ፊልም ሆኖ ቀርቧል። የእንግሊዙ የሙዚቃ ጋዜጣ ኤን.ኤም.ኢ. በ2014 ባወጣው ዝርዝር ከምንጊዜውም ፕሮዲዩሰሮች አንደኛ አድርጎታል። ይህ ደረጃ ያከራክራል፤ ጆርጅ ማርቲንን የመሰለ ሰው በዘመኑ ነበርና።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅርሱ ቴፖቹ ናቸው። ሚክ ሲሞት በስቱዲዮው ከ1,800 በላይ ቴፖች ተገኙ። ለሻይ ቅጠል ማጓጓዣ በሚያገለግሉ የእንጨት ሳጥኖች ተጭነው ስለወጡ «የሻይ ሳጥን ቴፖች» የሚል ስም ወጣላቸው። የገዛቸው ክሊፍ ኩፐር ነው፤ ባንዱ በሚክ ዘንድ ተቀርጾ ነበር፤ ኋላም ኦሬንጅ የተባለውን የድምፅ ማጉያ ፋብሪካ መሥርቷል። የከፈለው 300 ፓውንድ ነበር። ለአሥርት ዓመታት አስቀምጧቸው በ2020 ቼሪ ሬድ ለተባለው የሙዚቃ ድርጅት ሸጣቸው።

በቴፖቹ ውስጥ ያልወጡ ዘፈኖች፣ ገና ስም ያላገኘው የቶም ጆንስ ቀረጻዎች፣ የሚክ ጉርጉርታዎች፣ በቀረጻዎች መካከል የተደረጉ ንግግሮችና ገና ያልተደራረቡ ድምፆች ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች የመጀመሪያውን ቴፕ ከወጣው ሸክላ ጋር አስተያይቶ ሚክ በየግልበጣው ምን እንደጨመረ መስማት ይቻላል። ድርጅቱ ቴፖቹን ወደ ዲጂታል እየገለበጠ በተከታታይ ያወጣል። ለዚህ ሥራ ፈጣን ባውንስ አይሠራም። እያንዳንዱ ቴፕ በማሽን ላይ ተጭኖ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተጫወተ፣ ሚክ በቀረጸበት ፍጥነት እንደገና ይቀረጻል።